የኑሮ ልማድና የጡት ነቀርሳ ሕሙማን ዕድሜ፤ ጥያቄው በሐሙሲት ሲታይ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም በጡት ነቀርሳ (ካንሰር) ታማ የታከመች ሴት አመጋገቧንና እንቅስቃሴዋን ብትለውጥ ዕድሜዋ ይረዝማልን? የሚል ነው። ጥያቄው የተነሣው በውጭ አገር ነው። ሆኖም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በደራ ወረዳ ለምትገኘው ለሐሙሲት ምን ይጠቅማል? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አሜሪካዊው ሐኪም ሀልስተድ ጡትን ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ቆርጦ ማውጣትን አስተማረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ተስፋው ሁሉ በቢላዋ ላይ ነበር፤ ታካሚዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ እንዴት እንደምትኖር የሚጠይቅ አልነበረም። ነገሩ በሰፊው መጠናት የጀመረው ብዙ ሴቶችን ለረጅም ዓመታት መከታተል ከተቻለ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የነርሶች ክትትል ተጀመረ። በ2005 ከዚሁ የወጣው ጥናት፣ ከታመሙት ወደ 3,000 ከሚጠጉ ነርሶች መካከል በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያህል የሚራመዱት እምብዛም ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ በሕይወት መቆየታቸውን አሳየ። ነገር ግን እርምጃው አበርትቷቸው ይሁን፣ ወይስ የበረቱት ስለ ሆኑ ይራመዱ፣ በክትትል ብቻ መለየት አይቻልም።

ስለዚህ ሴቶቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማወዳደር አስፈለገ። በ2006 የታተመው ጥናት 2,437 ሴቶችን ይዞ፣ ቅባት የቀነሱት በሽታው ያገረሸባቸው በጥቂቱ መሆኑን ገለጸ፤ እነዚህ ሴቶች ክብደታቸውም ቀንሶ ነበር። በ2007 የታተመው ሌላው ጥናት ግን 3,088 ሴቶችን ከ7 ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማብዛት ልዩነት አለማምጣቱን አስታወቀ። እንግዲህ የእንቅስቃሴው ማስረጃ ተስፋ የሚሰጥ፣ የምግቡ ግን የተከፋፈለ ነው።

ወደ ሐሙሲት እንመለስ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። ሸክም ተሸክማ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ገበያው የምትመጣ የገበሬ ሚስት፣ ነርሶቹ በሳምንት የሚራመዱትን ያህል በአንድ የገበያ ቀን ትጨርሳለች። የምትጾም ከሆነችም የዓመቱን እኩሌታ ያህል ሥጋና ቅቤ አትቀምስም። እርምጃና የጾም ምግብ ብቻቸውን ዕድሜ የሚሰጡ ቢሆኑ ኖሮ ይህች ሴት ከአሜሪካዊቷ ነርስ በበለጠች ነበር።

በአገራችን የተደረጉት ጥናቶች ግን ይህን አያሳዩም። ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ የ1,070 ሴቶች ታሪክ በ2014 ታትሟል። አብዛኞቹ የመጡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው፤ በጊዜ የመጡት ግን ውጤታቸው እጅግ የተሻለ ነበር። በምዕራብ ወለጋ በአይራ ሆስፒታል በተደረገውና በ2018 በታተመው ጥናት ደግሞ ከ2 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት እኩሌታ ያህሉ ናቸው።

የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ነው። እብጠቱ በመጀመሪያ አያምም። በሽተኛዋም አስቀድማ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባሕል መድኃኒት ትሄዳለች። «ነቀርሳ» የሚለው ስም ከሚተላለፈው የሳንባ በሽታ ጋር ስለሚጋራ ያስፈራል። መንገዱም ሩቅ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በጥቁር አንበሳ የተጀመረው የጨረር ሕክምና ከ20 ዓመት በላይ በአገሩ ብቸኛ ስለ ነበረ፣ የሐሙሲት ሴት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረባት።

ከሕክምናም በኋላ ፈተና አለ። ታሞክሲፌን የተባለው ኪኒን ለሚስማማቸው ሴቶች ቢያንስ 5 ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ሲሆን፣ በምዕራብ ኢትዮጵያ በአንደኛው ዓመት ውስጥ ያቋረጡት ብዙዎች ናቸው። ክብደት ቀንሺ የሚለው ምክርም ለወፈረች ሴት የተነገረ ነው፤ በሕመምና በመድኃኒት ለከሳችው ጉዳት ይሆናል።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። የኑሮ ለውጥ ለሕክምና ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። በሐሙሲት ዕድሜ የሚያረዝመው ዋናው ለውጥ እብጠትን ሳይደብቁ በጊዜ ማሳየት፣ ሕክምናን መፈጸምና ኪኒንን አለማቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን በሐሙስ ገበያ ቢያስተምሩ፣ ከየመንደሩ የመጡት ሴቶች ቃሉን ይዘው ይመለሳሉ። የታመመችውንም «ኑሮሽን ባለመለወጥሽ ነው» ብሎ መውቀስ በማስረጃም በርኅራኄም አይደገፍም።