ከጫካ እስከ ጠቅላይ ግዛት፤ የሌተና ጀኔራል ጃገማ ኬሎ ሕይወት በጦርነቱ ጊዜና ከጦርነቱ በኋላ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። በዚሁ መንገድ ዳር ያደጉትን ሌተና ጀኔራል ጃገማ ኬሎንም ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን፤ ነገር ግን የምናነሣው አርበኝነታቸውን እንጂ አገረ ገዥነታቸውን አይደለም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፣ በጫካ የታገለ ሰው ገዥ በሆነ ጊዜ ጫካ የገቡትን በምን ዓይን ተመለከታቸው የሚለውን ጥያቄ ነው።

ጀኔራል ጃገማ በ1913 ዓ.ም. ጊንጪ አጠገብ ባለው በደንዲ አገር ከባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። ያደጉበትም አገር ጠብ የሚበርደው፣ ደም የሚደርቀው በሽማግሌ ፊት ነበር። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ብቻ ሲሆን ከዘመዶቻቸው ጋር ጫካ ገቡ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው የኢጣልያ ጦርና ስንቅ በአምቦ መንገድ ያልፍ ስለ ነበር፣ የጅባትና የሜጫ አርበኞች ከኰረብታው እየወረዱ ድንገት ይመቱት ነበር። እሳቸውም የበጋ መብረቅ ሳይታሰብ እንደሚወርድ ሁሉ «የበጋው መብረቅ» ተባሉ።

አገር ነፃ ከወጣ በኋላ ወደ መደበኛው ጦር ገብተው እስከ ሌተና ጀኔራልነት ደረሱ። ለጥያቄያችን ዋና የሆነው ግን በባሌ ጠቅላይ ግዛት የተሰጣቸው ሹመት ነው። በ1955 ዓ.ም. በዚያ የተነሣው ዐመፅ ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ ይኸውም የመሬት መነጠቅ፣ የግብር መክበድ፣ የሹማምንት በደልና የሃይማኖት አድልዎ ነው። ጀኔራሉ ከባላገሩ ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ሳይሆን በገዛ ቋንቋቸው በኦሮምኛ ነበር። የዐመፁ መሪ ዋቆ ጉቱም በመጋቢት ወር 1962 ዓ.ም. በድርድር እጃቸውን ሰጡ።

ይሁን እንጂ ይህን ሰላም የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ይመስለናል። የመንግሥት ጦር ብርታት ነበረው፤ ከሶማሊያ ይመጣ የነበረው ርዳታም ቀንሶ ነበር። ደግሞም ሰላሙ አልጸናም፤ ዋቆ ጉቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ትግል ተመልሰዋል።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ነው። ጀኔራል ጃገማ የጫካን ሰው ልብ ያውቁ ነበርና ከጥይት ይልቅ በቃል ሊያወርዱት ቻሉ። ሰውየው የሸፈተበትን ምክንያት ማንሣት ግን በአገረ ገዥ ሥልጣን የሚፈጸም አልነበረም። የመሬቱ ነገር በዐዋጅ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. ያረፉትን እኒህን ሰው በአርበኝነታቸው ብቻ የምናስታውሳቸው ከሆነ፣ ሽምግልና ምን ሊሠራ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያበቃ የሚያስተምረውን ግማሽ ሕይወታቸውን እናጣዋለን።