የተቈረጠው አውቶሞቢል

የአውቶሞቢል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካዎችና የባለፋብሪካዎች ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። ሞተሩን ማን እንደ ፈለሰፈ፥ ማን በብዛት እንደ ሠራ፥ ማንስ በፍጥነት እንደ ቀደመ እናነባለን። መኪናውን ገዝቶ እንደ ኑሮው ቈርጦ የለወጠው ሰው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይነሣም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ሰው ነው፤ ይኸውም የጭነት መኪና መግዣ ሲያጣ ያረጀ የቤት አውቶሞቢሉን ከወገቡ ቈርጦ ጭነት የጫነበት ገበሬ ነው። ዛሬ በየመንገዱ የሚታየው ፒክ አፕ የመሐንዲሶች ሥራ ብቻ ሳይሆን የዚህ ችግረኛ ብልሃትም ፍሬ እንደ ሆነ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል በ1908 ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው 850 ዶላር፥ ኀይሉም 20 የፈረስ ጕልበት ነበረ። የተሠራው ሰው ለማመላለስ ነው። ገበሬው ግን ድንቹንና ወተቱን ገበያ ማድረስ ስላለበት የኋላውን መቀመጫ እየነቀለ ሣጥን ይገጥምበት ጀመር። ይህን ያስተዋሉ ነጋዴዎችም የመለወጫውን ዕቃ አዘጋጅተው ይሸጡለት ጀመር። ከነዚህም አንዱ በቺካጎ የነበረው ስሚዝ ፎርም ኤ ትራክ የተባለው ኩባንያ ነው። በ350 ዶላር ይሸጠው የነበረው ዕቃ ጠንካራ ተጨማሪ ሻንሲና በነፋስ የማይነፋ ጎማ ያለው የኋላ ዘንግ ነበረ። ይህ በፎርዱ ሻንሲ ላይ ሲታሰር መኪናው ይረዝማል፤ የቀድሞው የኋላ ዘንግ ክብደት መሸከሙን ትቶ አዲሱን ጎማ በሰንሰለት ያዞራል፤ መኪናውም አንድ ቶን ያህል ይጭናል። የፎርድ ኩባንያ ራሱ ሞዴል ቲቲ የተባለውን የአንድ ቶን መኪና ያወጣው በ1917 ነው። ትንሽ የጭነት ሣጥን ከፋብሪካው የተገጠመለትን ሞዴል ቲ በ281 ዶላር መሸጥ የጀመረውም በ1925 ነው። እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ አስቀድሞ ገበሬው ለወጠ፥ ቀጥሎ ነጋዴው አየ፥ በመጨረሻ ፋብሪካው ተከተለ።

ለመሆኑ አውቶሞቢል ተቈርጦ እንዴት ሊሄድ ይችላል? ምስጢሩ ያለው ከአሠራሩ ላይ ነው። የዚያ ዘመን አውቶሞቢል ሁለት ነገር ነበረ። ከታች ሞተሩን፥ ባሌስትራውንና ጎማውን የሚይዝ የብረት ሻንሲ አለ፤ ከላይ ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት ቤት በቡሎን ይታሰርበታል። ክብደቱን የሚሸከመው ሻንሲው ስለ ሆነ ቤቱ ከፊተኛው መቀመጫ በስተኋላ ቢቈረጥ መኪናው አይፈርስም። መጋዝ፥ መሮ፥ መዶሻና ጥቂት ሳንቃ ያለው ሰው ሥራውን በግቢው ሊፈጽመው ይችላል። አስቸጋሪው መቍረጡ ሳይሆን መጫኑ ነው፤ ባሌስትራው፥ ጎማውና ፍሬኑ የተመጠኑት ለጥቂት ሰዎች ክብደት ነውና። ስለዚህ አስተዋዩ ሰው በባሌስትራው ላይ ሌላ ብረት ይደርባል፤ ከባዱን ዕቃ ከኋላው ዘንግ ወደ ፊት ያስጠጋል፤ ቍልቍለቱንም ገና ከአፋፉ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ይወርዳል። ያላስተዋለው ግን ጎማው ይፈነዳበታል፤ ፍሬኑም ይከዳዋል። በኋላ ዘመን ቤቱና ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራውን አውቶሞቢል እንዲህ አድርጎ መቍረጥ የጀርባ አጥንት እንደ መስበር ይቈጠራል።

ይህ ብልሃት የኑሮ ማሻሻያ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ማውጫ የሆነው በ1930ዎቹ ነው። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት፥ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ተባብረው የኦክላሆማንና የአካባቢዋን ገበሬዎች ከመሬታቸው ነቀሏቸው። በዚያ ዐሥር ዓመት ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ካሊፎርንያ ተሰደዱ። ጆን ስታይንቤክ በ1939 ባሳተመው «የቍጣ ወይን ፍሬዎች» በተባለው ልብ ወለዱ የዚህን ስደት ታሪክ ጽፏል። በመጽሐፉ ውስጥ የጆድ ቤተ ሰብ የቤት ንብረቱን በ18 ዶላር ሸጦ፥ ሐድሰን የተባለ አሮጌ የቤት አውቶሞቢል ተቈርጦ በተሠራ የጭነት መኪና ላይ 13 ነፍስ ሆኖ ይጓዛል። ችግር በቅቤ ያስበላል እንደሚባለው፥ ባለጠጋ ይንሸራሸርበት የነበረው መኪና የስደተኛ ፍራሽና ድስት ተሸከመ። በ1936 ግን የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ 136 ፖሊሶች ወደ ካሊፎርንያ ድንበር ልኮ ገንዘብ የሌላቸውን መንገደኞች ያስመልስ ነበር። መኪናውን የሠራው እጅ ሥራ ፈላጊ እንጂ ሥራ ፈት አለመሆኑን ከዚያው ከመኪናው መረዳት ይቻል ነበር።

በአውስትራልያ ያለው ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1932 አንዲት የቪክቶሪያ ግዛት የገበሬ ሚስት በዚያ አገር ላለው የፎርድ ኩባንያ ደብዳቤ ጻፈች። የጠየቀችውም እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳትን፥ ሰኞ ደግሞ አሳማዎቹን ገበያ የሚወስድ አንድ መኪና ነው፤ ሁለት ለመግዛት ዐቅም አልነበራቸውምና። ኩባንያው ደብዳቤውን አልናቀውም። ልዊስ ባንት የተባለው ወጣት መሐንዲስ ከፊቱ የቤት አውቶሞቢል፥ ከኋላው የጭነት ሣጥን የሆነ መኪና ነደፈ፤ በ1934ም በጂሎንግ ከተማ መሠራት ጀመረ።

በስዊድን ደግሞ ትራክተር መግዛት ያልቻሉ ገበሬዎች አሮጌ አውቶሞቢል እየቈረጡ ትራክተር ያደርጉ ነበር። ሕዝቡም ይህን መኪና ርካሽ ዕቃ ይሸጥ በነበረ የሱቅ ድርጅት ስም ኢፓ ትራክተር አለው። መንግሥቱ በ1940፥ በጦርነቱ ዘመን፥ ደንብ አወጣለት። ፍጥነቱም በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በ1975 የቀድሞው ዓይነት በአዲስ መልክ እንዲተካ ተደረገ። ዛሬ የገጠር ወጣቶች የሚነዱት ይህን አዲሱን ነው፤ በ2023ም የደኅንነት ቀበቶ ግዴታ ሆኖበታል።

ከነዚህ ታሪኮች የምንማረው ነገር አለ። ድኻ በእጁ ያለውን ዕቃ ቈርጦ ሲለውጥ በዘመኑ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ያመለክታል። አንዱ ደብዳቤውን አንብቦ አዲስ መኪና ሠራ፤ ሌላው የፍጥነት ልክ ወስኖ በሕግ ጠበቀው፤ ሌላው ከድንበር መለሰው። በአገራችንም ያለቀ የመኪና ጎማ ተቈርጦ በረባሶ ሲሆን፥ ስንቱ ሰው በርሱ ተጫምቶ ተራራ ለተራራ እንደ ተጓዘ እናውቃለን። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ሲያይ፥ ከመከልከሉ በፊት የትኛውን ችግር እንዳቃለለ ይጠይቅ፤ አደጋውንም በደንብ ይጠብቅ። መምህርም ለተማሪዎቹ የባሌስትራንና የፍሬንን ልክ ያስተምር። ብልሃትን ችግር ራሱ ያስተምራል፤ ልክን ግን ሰው ካላስተማረው በቀር ሰው የሚያውቀው በአደጋ ነው።