ልጆቹን ክረምቱን ምን እናድርጋቸው? ቀን መቁጠሪያው መልስ አለው

ሰኔ ሲያልቅ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል፦ "እነዚህን ልጆች ክረምቱን ምን እናድርጋቸው?" አባት ሥራ ነው፣ እናት ሥራ ናት፣ ዝናቡ አያስወጣም፣ ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ ይውላል። አቅም ያለው ልጁን ክረምት ኮርስ ያስመዘግባል። አቅም የሌለው ደግሞ "እስቲ አትረብሹ!" እያለ መስከረምን ይጠብቃል።

አያቶቻችን ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ሰምተን አናውቅም። በእነሱ ጊዜ ልጅ ሥራ ነበረው፤ ከብት ይጠብቃል፣ አረም ያርማል፣ ውኃ ይቀዳል። ጨዋታውን ደግሞ ቀን መቁጠሪያው ይመድብለታል። የትኛው ቀን የጅራፍ፣ የትኛው የችቦ፣ የትኛው የአበባ እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ዛሬ እስቲ ያንን ቀን መቁጠሪያ ገልጠን እንየው። ክረምት ለልጆች የሰጣቸው ቀናት ከየት መጡ? በመንገድ ላይስ ማን ማን ነካካቸው? ለእኛ ለከተሜዎቹስ ምን ተረፈን?

ሐምሌ፤ መንግሥታት የወደዱት ወር

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ሐምሌ 5 ቀን ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲውል የሰኔ ጾም ይፈታል፤ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል አለ። ሆኖም ሐምሌ ልጆች ተሰብስበው በየቤቱ የሚዘፍኑበት በዓል የለውም። ምክንያቱ አያስቸግርም። ሐምሌ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ገበሬው ከእርሻ ቀና የማይልበት፣ ጎተራው የሚሟጠጥበት ወር ነው። ማን ይደግሳል?

ይህን ክፍት ቦታ መንግሥታት ሳያዩት አልቀሩም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነበርና በዘመናቸው ቀኑ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ይከበር ነበር። በ1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ በዓሉም አብሯቸው ወረደ። ዛሬ ሐምሌ 16ን በድምቀት የሚያከብሩት በሻሸመኔና በሌላውም ዓለም የሚኖሩ ራስ ተፈሪያውያን ናቸው።

ደርግ ደግሞ በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ጀመረ። የብዙዎቻችን አባቶችና እናቶች ክረምታቸውን ያሳለፉት እዚያ ነው፤ ጠመኔ ይዘው ከእነሱ በዕድሜ እጥፍ የሚበልጡ ሰዎችን ፊደል ሲያስቆጥሩ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. መጣ፤ መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል ያለበት ዕለት።

ሦስቱን ስናስተያያቸው አንድ ነገር ይታየናል። ከላይ የመጣ ቀን ዕድሜው እንደ ሰጪው ነው። የልደቱ በዓል ከንጉሡ ጋር ቀረ፤ የተቆጠረው ፊደል ግን ከደርግ ጋር አልቀረም፤ አንባቢው ቤት ገብቷልና። ስለዚህ ለሐምሌ የምንመክረው የቤት ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማንበብ ያልቻሉ አያት ካሉ ልጁ ያስተምራቸው። (አያትየው ፊደል ካወቁ ስልካቸው ላይ መልእክት መጻፍ ያስተምራቸው፤ እሱም ፊደል ነው!) ሁለተኛ፣ ችግኝ ትከሉ። ከተከላችሁ ግን ጥር ላይ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ በዚያው ቀን ወስኑ።

ነሐሴ 13፤ ቡሄ

ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ይያዛል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ይጾማሉ፣ ነጭ ለብሰው ቅዳሴ ይሄዳሉ። በጾሙ መሐል ቡሄ ከች ይላል።

ቡሄ በቤተ ክርስቲያን ደብረ ታቦር ነው፤ ክርስቶስ በተራራ ላይ ለሦስት ደቀ መዛሙርቱ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን። ታሪኩ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ይገኛል፤ ተራራው ታቦር መሆኑን የሚነግረን ትውፊት ነው። በትውፊቱ መሠረት የዚያን ዕለት ብርሃኑ ሳይጠፋ ስለቆየ እረኞቹ መሽቷል ብለው ወደ ቤት አልተመለሱም። ወላጆች ተጨንቀው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ልጆቻቸውን ፍለጋ ወጡ። የዛሬው ችቦና ሙልሙል ከዚያ የመጣ ነው ይባላል። የጅራፉ ጩኸት ደግሞ በተራራው ላይ ለተሰማው ድምፅ ምሳሌ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በታሪኩ ውስጥ ከቤት የወጣው ልጁ ብቻ አይደለም፤ ወላጁም ወጥቷል። ጭቃ ረግጦ፣ እሳት ይዞ፣ ዳቦ ተሸክሞ። ቡሄ ሲጀመር የቤተሰብ በዓል ነበር ማለት ነው!

የአብነት ተማሪዎችም ደብረ ታቦርን የራሳቸው ያደርጉታል። ከምእመናን እህል ለምነው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ዓመቱን ሙሉ ሲያበሏቸው የኖሩትን ሰዎች በተራቸው ይጋብዛሉ።

ሆያ ሆዬም ቢሆን ልመና አልነበረም። ልጆች በር ላይ ቆመው ያወድሳሉ፣ ባለቤቷ ሙልሙል ትሰጣለች፣ ልጆቹ መርቀው ይሄዳሉ። አንዱ ሲሰጥ ሌላውም ይሰጣል። በከተማ ሙልሙሉ በሳንቲም፣ ሳንቲሙም በብር ተተካ። ጅራፉንም በብዙ ሰፈር ርችት ወረሰው። ጅራፍ ግን ታላቅ ወንድም ለታናሹ የሚገምደው ነበር፤ ርችት ከሱቅ ይገዛል፣ ይፈነዳል፣ ያልቃል። (እጅና ዓይንም ያቃጥላል።)

ቡሄን ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጫወተውም እናውቃለን። ሃይማኖት ሳይለዩ አብረው የጨፈሩ ልጆች ዛሬ ልጆች ወልደዋል። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ዒድ በየወቅቱ ይዞራል፤ ከ2002 እስከ 2008 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ዒድ አል ፈጥር ክረምት ላይ ይውል ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዒድና ቡሄ በአንድ ቀን፣ እሑድ ነሐሴ 13 ዋሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ እዚህ ሙልሙል፣ እዚያ የዒድ ምሳ! እንዲህ ያለ ቀን ለልጅ የሚያስተምረውን የትኛውም ክረምት ኮርስ አያስተምረውም።

ነሐሴ 16፤ የልጃገረዶቹ ተራ

ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ሰሜኑ ያምራል። በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሕምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ስሙ ቢለያይም ልጃገረዶቹ ረጅሙን ለምለም ቄጤማ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ለቀናት ይጫወታሉ። በሌላ ጊዜ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ የምትባል ልጅ በእነዚያ ቀናት ማንም አያዛትም። በዓሉ ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ባሻገር ለሴት ልጅ የተሰጠ እረፍት ነው።

ይህ በዓል ምን ያህል ስስ እንደሆነም አይተናል። በ2012 ወረርሽኙ ሰው እንዳይሰበሰብ አደረገ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ነበር፤ ትግራይ፣ ዋግ፣ ላስታና ራያ ሁሉም የጦርነቱ ምድር ነበሩ። ልጃገረድ ከበሮ ይዛ ከቤት ወደ ቤት የምትዞረው መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። በዓል የሚቀረው ሰው ስለረሳው ብቻ እንዳይመስለን፤ በር ማንኳኳት ሲያስፈራም ይቀራል።

ለከተማ ቤተሰብ የሚተርፈው ምንድን ነው? ቀላል ነው። ነሐሴ 16 ሴት ልጃችሁን ከቤት ሥራ ነፃ አድርጓት። ዕቃውን ወንድሟ ይጠብ። እናትና አክስት ተቀምጠው ሹሩባ ይሥሯት፤ እየሠሩም የእነሱን ልጅነት ያውሯት።

ጳጉሜን፤ ዝናብና ሒሳብ

ጳጉሜን የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን "ተጨማሪ" ማለት ነው። 12ቱ ወራት እኩል 30 ቀን ስላላቸው የተረፉት 5 ቀናት፣ በአራት ዓመት አንዴም 6 ቀናት፣ 13ኛዋን ወር ሠሩ።

ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው። የዚያን ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ዝናብ ውስጥ ይቦርቃሉ። ዓመቱን ሙሉ "ዝናብ እንዳይመታህ!" የምትል እናት በዚያ ቀን ራሷ ወደ ውጭ ታስወጣለች። ከዚህ የበለጠ ነፃና ርካሽ መዝናኛ የት ይገኛል? ብቻ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ወንዝ ዳር አይሁን። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን የመታት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደወሰደ አንርሳ። የክረምት ወንዝ ቀልድ አያውቅም።

ዝናቡ ካባራ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ አምጡ። አባቶቻችን ዓመቱን የሚያሰሉበት ባሕረ ሐሳብ ለልጅ የሚሆን ጨዋታ አለው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲሆን ጳጉሜን 6 ትሆናለች። አሁን ድምሩንና የክፍፍሉን ውጤት ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ እንቁጣጣሽ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ 6 ሲሆን እሑድ፤ ቀሪ ከሌለ ሰኞ ትውላለች። በሚሊኒየሙ እንሞክረው፦ 5500 ሲደመር 2000፣ 7500። ለ4 ሲካፈል 1875፣ ቀሪ የለም፤ ዘመነ ዮሐንስ። 7500 ሲደመር 1875፣ 9375፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2። ረቡዕ! በእርግጥም መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ልጃችሁ የተወለደበትን ዓመት ሰጥታችሁ እስቲ ፈትኑት።

መስከረም 1፤ አበባው

እንቁጣጣሽ የሚለውን ስም ብዙዎች ከንግሥተ ሳባና ለእሷ ከተበረከተው እንቁ ጋር ያያይዙታል። ዋዜማው ላይ ችቦ ይበራል፤ በማግሥቱ ሴቶቹ "አበባየሆሽ" እያሉ ይዞራሉ፣ ወንዶቹ አበባና መልአክ ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። እዚህም ልውውጥ ነው፤ ሥዕሉ ይሰጣል፣ ሳንቲሙ ይመጣል።

ደርግ ንጉሡን ያወረደው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለነበር እስኪወድቅ ድረስ በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ማግሥት የአብዮት በዓል ሰልፍ ነበር። ልጆች ትናንት አበባ የያዙበትን እጅ ዛሬ ለመፈክር ያነሱታል። ሰልፉ በ1983 ዓ.ም. ከሥርዓቱ ጋር አበቃ። አበባው ግን ዛሬም አለ።

ሥዕሉስ? ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየም ገባን። በሩ ይቆለፋል፣ ጥበቃው "ማንን ፈልጋችሁ ነው?" ይላል፣ የታተመ ካርድ ከሱቅ ይገዛል። ልጁ ሥሎ የሚሰጠው ጎረቤት አያውቅም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

"የድሮ በዓል ጠፋ" ብለው ልጆቹን የሚወቅሱ ትልልቅ ሰዎች ያናድዱናል። ልጆቹ ምን አደረጉ? ዛሬም ነሐሴ ሲገባ ዱላ ይዘው ይመጣሉ። የጠፋው በር የሚከፍተው ነው። ከላይ ያየናቸው ቀናት ሁሉ በሁለት ሰው የቆሙ ናቸው፤ አንኳኪና ከፋች። ሙልሙል የሚጋግር ከሌለ ሆያ ሆዬ ልመና ይሆናል። ሥዕሉን ተቀብሎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ከሌለ ልጁ ለማን ብሎ ይሥላል?

ስለዚህ ምክራችን ለልጆች ሳይሆን ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ነሐሴ 12 ማታ ከሥራ በጊዜ ግቡ። ለጥበቃው ልጆቹን እንዲያስገባ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሙልሙሉን ከልጆቻችሁ ጋር አቡክታችሁ ጋግሩ፤ ለመጣው ልጅ ከሽልንጉ በፊት ዳቦውን ስጡት። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ስሙት፤ አታቋርጡት። ምርቃቱንም ቆማችሁ "አሜን" በሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ሲገባ "ልጆቹን ምን እናድርጋቸው?" ብላችሁ መጨነቃችሁ ይቀር ይሆናል፤ ልጆቹ ራሳቸው ነሐሴ 13 ስንት ቀን እንደቀረው መቁጠር ይጀምራሉና።

ቸር ክረምት ያድርግልን!