ጀፎረ፣ ደጅና ጓሮ

በጉራጌ ገጠር የአንድ አባወራ ግቢ ከፊት ወደ ኋላ የየራሱ ስም አለው። ከሁሉ ፊት ሣር የለበሰው ሰፊ የጋራ መንገድ ጀፎረ ይገኛል። ከብት ይሰማራበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይዋልበታል፤ የማንም የግል ይዞታ አይደለም። ቀጥሎ ደጅ፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ ጓሮ ነው። እንሰቱ ለቤት መቅረቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍግና አመድ በሸክም የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነው። ሸክሙ በአብዛኛው የሴቶች ቢሆንም በሪፖርት ላይ ሲጠቀስ እምብዛም አይታይም። ችግኙ ከመደብ ወደ መደብ ደጋግሞ ስለሚዛወር በየዕድሜው መጠሪያው ይለያያል። ባሕር ዛፍ ወደ ዳር ይገፋል።

እንዲህ ያለውን የቆየ አሰፋፈር በአገሪቱ ብዙ ስፍራዎች ያናጋው በ1970ዎቹ መጨረሻ የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ነው። ቤት ፈርሶ በሌላ ቦታ ይሠራል፤ ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅ ጓሮ ግን ባለቤቱን አይከተልም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ በርካታ አርሶ አደሮች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል።

ዛሬ ጀፎረን የሚያሰጋው የሚገፋ አጥር ነው። የይዞታ ልኬታ ሲካሄድ ጀፎረው በራሱ ስም፣ በወል መሬትነት ካልተመዘገበ፣ ድንበሩን የሚያስረዱት የቀበሌው ሽማግሌዎች ብቻ ይሆናሉ።