ልጁ ያገኘው፣ አባት የከፈሉበት

እንግዲህ ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ፤ ወደ 1856፣ ወደ ፋሲካ ሰሞን። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በከተማዪቱ ምሥራቅ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ሻድዌል በሚባል ሰፈር ጆርጅ ፐርኪን የሚባሉ ሰው ይኖራሉ። ከአናጺነት ተነሥተው ቤት ሠሪ ተቋራጭ ለመሆን የበቁ፣ የሰባት ልጆች አባት ናቸው። የመጨረሻው ልጅ ዊሊያም ይባላል። 18 ዓመት የሞላው በዚያው በመጋቢት ነው። ትምህርት ለበዓል ተዘግቷል፤ ልጁ ግን ከቤታቸው ፎቅ ላይ ባሰናዳት ትንሽ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጠርሙሱን ደርድሮ ሌት ተቀን ይሠራል።

ምን ፈልጎ? የወባ መድኃኒት። በዚያ ዘመን ለወባ ፍቱን ነው የሚባለው መድኃኒት ኩዊኒን ሲሆን፣ የሚገኘውም በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ከሚበቅለው ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነው። ዛፉ ሩቅ ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ ወባ በሚበዛበት አገር ሁሉ ወታደርና ሹም አስቀምጣለች። የልጁ መምህር ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ሆፍማን፣ ይህን መድኃኒት ያለ ዛፉ፣ በቤተ ሙከራ መሥራት ይቻል ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። ልጁ ይህን ሰምቷል። መምህሩ ወደ አገራቸው ለዕረፍት ሲሄዱ እሱ ሞከረው።

ያ ሙከራ አስቀድሞ የከሸፈ ነበር። የጊዜው ኬሚስቶች አንድ ነገር ውስጥ ስንት ካርቦን፣ ስንት ሃይድሮጅን፣ ስንት ኦክስጅን እንዳለ መቁጠር ችለዋል፤ እርስ በርስ እንዴት እንደተያያዙ ግን ገና አላወቁም። ልጁም ቁጥር ደመረ፣ ቁጥር ቀነሰ፤ ይህን ከዚያ ጋር ባገናኝ ሒሳቡ ኩዊኒን ይሰጠኛል አለ። ሒሳቡ ልክ ነበር፤ የወጣው ነገር ግን ቡናማ ዱቄት ነው። (ወደ ኩዊኒን የሚያደርሰውን የቤተ ሙከራ መንገድ ውድዋርድና ዴሪንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያስታወቁት በ1944 ነው።)

ልጁ ግን ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ጠየቀ። ቀለል ባለ ነገር ልሞክረው ብሎም አኒሊን የሚባለውን ዘይት አነሣ። አኒሊን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ይገኛል፤ ቅጥራኑ ደግሞ የለንደንን የመንገድ መብራት ጋዝ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ተራፊ ነው። በዚያ ላይ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ጨመረበት። አሁን ደግሞ የባሰ መጣ፤ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ። ያን ዝቃጭ አልኮል ሲጨምርበት ፈሳሹ ደማቅ ሐምራዊ ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎቹ እዚህ ሲደርሱ «ዕድለኛ ልጅ!» ብለው ይፈጽሙታል። እኔ ግን ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው ብዬ አምናለሁና ጥቂት ታገሡኝ።

ያ ዕድል የልጁን በር ብቻ አይደለም ያንኳኳው። ከሱ 22 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1834፣ በርሊን አጠገብ ባለችው በኦራኒየንቡርግ ፍሪድሊብ ሩንገ የሚባል ኬሚስት ነበር። ሩንገን እኛ ኢትዮጵያውያን በሌላ ነገር ልናውቀው ይገባ ነበር። በ1819 ተማሪ ሳለ ታላቁ ባለቅኔ ጎተ ፊት ቀርቦ፣ አንድ ዕፅ የድመትን የዓይን ብሌን እንዴት እንደሚያሰፋ አሳያቸው። ጎተ ተደንቀው የቡና ፍሬ ሰጡትና «ይህንም መርምር» አሉት። ሩንገ መርምሮ ካፌይንን ለየ። መነሻው ከኛ ዘንድ የሆነው ቡና ሰውን ለምን እንደሚያነቃ በኬሚስትሪ የተገለጠው በዚህ ሰው እጅ ነው።

እንግዲህ ይኸው ሰው ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን አኒሊንን አወጣ፤ የኖራ ክሎራይድ ሲጨምርበትም ደማቅ ሰማያዊ ቀለም ሲወጣ በዓይኑ አየ። ቅጥራኑን ሥራ ላይ እናውለው ብሎ ለሚሠራበት ፋብሪካ አለቆች ሐሳብ አቀረበ። አልሰሙትም። ሩንገ በ1867 በድህነት ሞተ። ያን ጊዜ የአኒሊን ቀለም አውሮፓን አጥለቅልቆ ነበር።

ስለዚህ ቀለሙ ለሩንገም ለልጁም ታይቷል። ለንደን ላይ የተለየው ነገር ምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ልጁ ወደ ኬሚስትሪ የደረሰበት መንገድ ራሱ በሰው ልመና የተከፈተ ነው። አባቱ አርክቴክት እንዲሆንላቸው ነበር የሚፈልጉት። ትምህርት ቤቱ ኬሚስትሪን የሚያስተምረው በምሳ ሰዓት ስለነበር መማር የፈለገ ምሳውን መተው ነበረበት፤ ልጁም ተወ። ቶማስ ሆል የሚባሉ መምህሩ ደጋግመው ከአባቱ ጋር ተነጋግረው፣ አግባብተው፣ በ15 ዓመቱ ወደ ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ኬሚስትሪ አስገቡት። እኚህን መምህር ዛሬ የሚያነሣቸው የለም ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ሳላነሣቸው አላልፍም።

ሁለተኛው ነገር ያልጠራው አኒሊን ነው። ይህ የእውነት ዕድል ነው። በዘመኑ ከቅጥራን የሚወጣው አኒሊን ቶሉዊዲን ከሚባል ዘመዱ ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ያ ሐምራዊ ቀለም ደግሞ ያለ ቶሉዊዲን አይሠራም። ልጁ ሀብታም ላቦራቶሪ ኖሮት ፍጹም ንጹሕ አኒሊን ቢያገኝ ኖሮ ጠርሙሱ ውስጥ ያንን ሐምራዊ አያይም ነበር። እሱ ይህን በወቅቱ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም።

ከዚህ ወዲያ ግን ነገሩ ከዕድል እጅ ወጥቶ በሰው እጅ ገባ። ልጁ በቀለሙ ሐር ነከረ። ሐሩን በሳሙና አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ቀለሙ አልለቀቀም። ከዚያ ለመምህሩ ሳይናገር፣ ከወንድሙ ከቶማስ ጋር አትክልት ቦታቸው ውስጥ ባለች ጎጆ ብዙ አድርጎ ሠራው። ናሙናውንም ስኮትላንድ ውስጥ ፐርዝ ከተማ ወዳሉት ታዋቂ ቀለም ነካሪዎች ወደ ፑላር ቤት ላከ። በሰኔ መልስ መጣለት። ፑላሮች፣ ዋጋውን ካላስወደደው ከብዙ ጊዜ ወዲህ ከተገኙት ሁሉ እጅግ ከሚጠቅሙት አንዱ ነው፤ ለሐር እንዲህ ያለ የማይለቅ ቀለም ሲፈለግ ኖሯል፤ ለጥጥ ግን አስቸጋሪ ይሆናል አሉት። ነሐሴ 26 ቀን 1856 ፓተንቱን በለንደን አስገባ። ፈረንሳይ ውስጥ ግን መብቱ ሳይጸናለት ቀረና የሊዮን ነካሪዎች እንዳሻቸው ቀዱበት።

አሁን ሆፍማን ተመልሰዋል። ልጁ ኮሌጁን ትቼ ፋብሪካ ልከፍት ነው ሲላቸው ተቆጡ። ከምርመራ ወጥቶ ወደ ንግድ የገባ ሰው ያን ጊዜ እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር፤ ቢከስር የሚመለስበት የለውም። ልጁም ይህን ፈርቶታል። ፋብሪካ ደግሞ በፍርሃት ብቻ ሳይሆን በገንዘብም ይፈትናል፤ የ18 ዓመት ተማሪ ደግሞ ገንዘብ የለውም።

ጆርጅ ፐርኪን ዕድሜ ልካቸውን ቤት ሲሠሩ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አብዛኛውን አወጡ። ልጄ አርክቴክት ይሁንልኝ ብለው ይመኙ የነበሩት አባት፣ ለማይገባቸው ቀለም፣ ገበያው ላልታወቀ ዕቃ ጥሪታቸውን አዋሉ። ወንድሙ ቶማስም ሥራውን ትቶ ገባ። ከለንደን ሰሜን ምዕራብ፣ በግሪንፎርድ፣ ከመርከብ ቦዩ ዳር መሬት ገዝተው በ1857 ግንባታ ጀመሩ። ከሦስቱ አንዳቸውም የኬሚካል ፋብሪካ ውስጡ ምን እንደሚመስል አይተው አያውቁም ነበር።

ሥራው ከባድ ነበር። ቅጥራኑን አጣርቶ ቤንዞል የሚሸጥ እንኳ በቅርብ አልተገኘም፤ ከስኮትላንድ ነው የመጣው። የሚፈለገው ኃይለኛ ናይትሪክ አሲድ ገበያ ላይ ስላልነበረ የሚሠሩበትን ዘዴ ራሳቸው አበጁ። ድብልቁ ሊፈነዳ ይችላል፤ ጋኑንም፣ ማቀዝቀዣውንም መፍጠር ነበረባቸው። ከዚያም የጥጥ ነገር መጣ። ሐር ቀለሙን በራሱ ይጠጣል፤ ጥጥ ግን አይቀበልም። ፐርኪን ቆዳ አልፊዎች የሚጠቀሙበትን ታኒን በጥጡ ላይ በማስቀደም ቀለሙ እንዲይዝ አደረገ፤ ዘዴውንም ይዞ ከነካሪ ቤት ነካሪ ቤት እየዞረ አስተማረ። ግንባታው በተጀመረ ስድስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በ1857 መጨረሻ፣ ቀለሙ ለንደን ላይ ለሐር ነካሪ ተሸጠ።

እዚህ ላይ ዕድል ደግማ ጎበኘችው። የፈረንሳይዋ እቴጌ ዩጂን ሐምራዊ ወደዱ፤ ፓሪስ ተከተላቸው። ጥር 25 ቀን 1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በታላቂቱ ልጃቸው ሠርግ ላይ ፈካ ያለ ሐምራዊ ቬልቬት ለብሰው ታዩ። ከዚያ ወዲያ የለንደን ሴቶች ሐምራዊ ያላለ ልብስ አልታያቸው አለ፤ ፐንች የተባለው መጽሔት ነገሩን የኩፍኝ ወረርሽኝ እስኪለው ድረስ። ጥንት ሐምራዊ ከባሕር ቀንድ አውጣ እየተጨመቀ ለነገሥታት ብቻ የሚደርስ ቀለም ነበር። አሁን የልብስ ሰፊ ሚስት ለበሰችው። ፐርኪን ይህን ፋሽን አላመጣውም። ፋሽኑ ሲመጣ ግን ቀለም ሞልቶ የሚቀዳ ፋብሪካ ነበረው።

በ1869 አሊዛሪን የሚባለውን ቀይ ቀለም ከቅጥራን የሚሠራበትን ርካሽ ዘዴ አግኝቶ ለፓተንት ሲያመለክት፣ የጀርመኑ ባስፍ ኩባንያ በአንድ ቀን ቀድሞታል። ገበያውን ተካፈሉ። በ1870 ግሪንፎርድ 40 ቶን አመረተች፤ በ1871 ደግሞ 220 ቶን። ከሥሩ ቀይ ቀለም የሚወጣበትን ተክል ሲያለሙ የኖሩት የፈረንሳይና የሆላንድ ገበሬዎች ማሳቸው በጥቂት ዓመታት ዋጋ አጣ። የነሱ ጥፋት አልነበረም፤ የለንደኑን ደስታ ስናወራ የነሱን ኀዘን ማለፍ ልክ አይደለም።

ፐርኪን በ1874፣ በ36 ዓመቱ፣ ፋብሪካውን ሸጦ ወደ ምርምሩ ተመለሰ። ከጀርመኖቹ ጋር ለመፎካከር ያስፈልጉ የነበሩት ብዙ የሠለጠኑ ኬሚስቶች ነበሩ፤ እንግሊዝ ውስጥ እነሱን የሚያወጣ ዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ጀርመን ግን አወጣች። ባየር፣ ሆክስት፣ ባስፍ በመቶ የሚቆጠሩ ኬሚስቶችን ደመወዝ ከፍለው አስቀመጡ። ባስፍ ኢንዲጎ የሚባለውን ሰማያዊ ቀለም በፋብሪካ ሠርቶ ለማውጣት ዓመታትና 18 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ አፍስሷል። በዚያ ፍለጋ መካከል አንድ ቴርሞሜትር ድብልቁ ውስጥ ተሰብሮ ሜርኩሪው ፈሰሰ፤ የዘገየው ሥራ ያን ጊዜ ፈጠነ። ቴርሞሜትር በየትም ይሰበራል። እዚያ ግን ለምን ፈጠነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት ቆሞ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የእንግሊዝ ጦር ለካኪ ልብሱ የሚሆን ቀለም ከጠላት አገር ሲገዛ እንደኖረ ተገነዘበ።

ከነዚህ የጀርመን ፋብሪካዎች አንዱ፣ ባስፍ፣ በ1876 ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም አወጣ። በ1904 ጉስታፍ ጊምሳ የተባለ የሐምቡርግ ኬሚስት ይህንና ኢዮሲን የሚባለውን ቀለም አዋሕዶ፣ የወባን ተሕዋስ በደም ውስጥ ለይቶ የሚያሳይ ማቅለሚያ ሠራ። ጊምሳ ይሉታል። በጋምቤላም ሆነ በመተከል፣ በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከጣት የተወሰደችውን የደም ጠብታ መስታወት ላይ ዘርግቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ከማስገባቱ በፊት የሚነክርበት እሱ ነው። ፐርኪን የወባን መድኃኒት አላገኘም፤ የጀመረው ኢንዱስትሪ ግን ወባን ማያ ዓይን ሰጠን።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የዊሊያም ፐርኪን ትልቁ ዕድል ያ ጥቁር ዝቃጭ ነው ብዬ አልፈርድም። የቅጥራን ቀለም ሩንገም አይቶ ነበር። ትልቁ ዕድሉ አባቱ ናቸው፤ ሩንገ ያጣው እንደሳቸው ያለ ሰው ነው። ስለዚህ ልመናዬ ለልጆቹ አይደለም፤ ገንዘብ በእጃችሁ ላለ ወላጆች፣ የባንክ ሰዎች፣ የፋብሪካ ባለቤቶች ነው። አንድ ወጣት ያላዘዛችሁትን ነገር ሠርቶ ሲያመጣላችሁ ናሙናውን ሥራውን ለሚያውቅ ሰው አሳዩለት፤ መልሱ እንደ ፐርዙ ደብዳቤ መልካም ሆኖ ከመጣም ገንዘባችሁን አትሰስቱበት።