የልዕልት ሻርሎት ምጥና የሰዓት ወሰን

የማሕፀን አፍ ፈጽሞ ከተከፈተ በኋላ ሕፃኑ እስኪወለድ ያለው ጊዜ፥ ይኸውም አዋላጆች «አምጪ» የሚሉበት ጊዜ፥ በሕክምና ትምህርት ሁለተኛው የምጥ ደረጃ ይባላል። ይህ ጊዜ በአንዲቱ እናት ጥቂት ደቂቃ ሲሆን በሌላይቱ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የመጀመሪያ ልጅ መሆኑ፥ የሕፃኑ ትልቅነት፥ የጭንቅላቱ አቀማመጥና የምጡ ኃይል እንደሚያረዝሙት ወይም እንደሚያሳጥሩት የታወቀ ነው። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን፥ የሐኪሞቹም ደንብ ራሱ አንዱ ምክንያት ሆኖ እንደ ኖረ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ ልዕልት ሻርሎት የንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ብቸኛ ሕጋዊ የልጅ ልጅ ነበሩ። በ1817፥ በ21 ዓመታቸው፥ ክሌርሞንት በተባለው ቤታቸው ኖቬምበር 3 ቀን ማታ ምጥ ጀመራቸው። ሐኪማቸው ሰር ሪቻርድ ክሮፍት ነበረ። በእርግዝናቸው ጊዜ ምግባቸውን አሳንሶ፥ ደማቸውንም በዋግምት ዓይነት አስወጥቶ ነበር፤ ይህ በዚያን ዘመን እንደ ጥሩ ሕክምና ይቆጠር ነበር። የመጀመሪያው ደረጃ 26 ሰዓት፥ ሁለተኛው 24 ሰዓት ፈጀ። ሕፃን ማውጫው መቆንጠጫ በቤቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ሳለ አልተነካም። በ5ኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ክብደቱ 9 ፓውንድ የሆነ ወንድ ልጅ ሞቶ ተወለደ፤ እናቲቱም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ሞቱ። ክሮፍት በፌብሩዋሪ 1818 ራሱን ገደለ። ኢርድሊ ሆላንድ የተባለው ሐኪም በ1951 ስለዚህ ነገር ሲጽፍ ሦስት እጥፍ አደጋ ብሎ ሰይሞታል።

ክሮፍት ስለ ምን ጠበቀ? አማቱ ቶማስ ዴንማን ዝነኛ የማዋለድ መምህር ነበረ፤ እርሱም ጭንቅላቱ ወደ መውጫው ደርሶ 6 ሰዓት ሳይቆይ መቆንጠጫ እንዳይገባ ያስተምር ነበር። የጀርም ነገር ባልታወቀበት ዘመን በመሣሪያ ብዙ እናቶች ተጎድተው ስለ ነበር፥ ትምህርቱ ከርኅራኄ የመጣ ነው። ነገር ግን ክሮፍት ከመምህሩ ደንብ እንኳ አልፎ ጠበቀ። በእኛ ግምት ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን አይገባም፤ በመሣሪያ ቢያወጣና ልዕልቲቱ ቢሞቱ ኖሮ ያው ሕዝብ ስለ ችኮላው ይወቅሰው ነበር።

አልጋ ወራሽ በመጥፋቱ የንጉሡ ልጆች ለጋብቻ ተሽቀዳደሙ። ከዚህም በ1819 ቪክቶሪያ ተወለዱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት እኒህ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የሐኪሞች ሐሳብ ወደ መፍጠን አዘነበለ። በ1861 ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ሐሚልተን ከ2 ሰዓት በላይ መጠበቅ እንደማይገባ ጻፈ። በ1920 አሜሪካዊው ጆሴፍ ዴሊ ችግር ሳይደርስ አስቀድሞ በመቆንጠጫ ማውጣትን ደገፈ። እንዲህ ሲሆን የደረጃው ርዝመት በሐኪሙ ሰዓት ተቈረጠ ማለት ነው። በኋላም በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ፥ እናቲቱ የማማጥ ግፊት እንዳይሰማት ስለሚያደርግ፥ ጊዜውን አስረዘመው። የአሜሪካ የማሕፀን ሐኪሞች ማኅበር በ2014 እናትና ሕፃን ደኅና ከሆኑ አስቀድማ የወለደች ቢያንስ 2 ሰዓት፥ የመጀመሪያዋን የምትወልድ ቢያንስ 3 ሰዓት እንድታምጥ፥ ማደንዘዣ ካለም ከዚያ በላይ እንዲፈቀድ መክሯል።

ስለ አኳኋንም ቢሆን የታመነው ሁሉ እውነት ሆኖ አልተገኘም። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ልጅን ያፈጥናል ይባል ነበር፤ ነገር ግን በ2017 በብሪታንያ ማደንዘዣ በተሰጣቸው 3,093 ሴቶች ላይ ሲመረመር ያለ መሣሪያ የወለዱት በጎን ከተኙት 41.1፥ ቀጥ ካሉት 35.2 ከመቶ ሆኑ።

ይህ ሁሉ ሐኪምና መሣሪያ በአጠገብ ላለበት ቤት ነው። በአገራችን ሐኪም ከሌለበት ገጠር የሕፃኑ ጭንቅላት ተቀርቅሮ ምጡ ቀናት ሲፈጅ፥ ሥጋዋ ተጨቍኖ ይሞትና እናቲቱ ሽንቷን መቋጠር ይሳናታል። በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1974 የከፈቱት ሆስፒታል የሚያክመው እነዚህን ሴቶች ነው።