ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በጎጃም

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ የተሰለፉትን ሰዎች፣ ውድ አንባቢያን፣ ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ፤ ማስረጃቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ዩክሬን ጦርነት የሚወስዳቸውን ይጠባበቁ ነበር። ኤምባሲው ወታደር እየመለመልኩ አይደለም ሲል አስታወቀ። በዚያው ሰሞን እዚህ ቆሰበር ስለ አርበኞች ዘመን ሳስተምር፣ ወደ ጎጃም ስለ መጡ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኛ ተዋጊዎች ባነሣሁ ጊዜ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ለመሆኑ ስንት ይከፈላቸው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ ታላቅ ወንድሙ ከሰልፈኞቹ አንዱ እንደ ነበር የሰማሁት ከክፍል ከወጣን በኋላ ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለ ነበር በዚያች ሰዓት በቅጡ ያልመለስኩለትን እነሆ እጽፋለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእስፓኝ ነው። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ሙሶሊኒ ለጄኔራል ፍራንኮ ጦር ላከ፤ በሪፐብሊኩ ወገን ደግሞ ከ50 በላይ አገሮች የመጡ 35 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ተሰለፉ። ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን በደም ካጠባት አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጓዳላሃራ በተባለ ስፍራ የሙሶሊኒ ጦር ተዋረደ። ካዋረዱት መካከል ከፋሽስቱ ሸሽተው የተሰደዱ ጣሊያናውያን የሚገኙበት የጋሪባልዲ ሻለቃ ነበረ፤ በዚያ ውጊያ የመራውም ኢሊዮ ባሮንቲኒ የተባለ ኮሙኒስት ነው። ጣሊያናዊ ጣሊያናዊውን በድምፅ ማጉያ «ጠመንጃህን ጣል፣ ወደ እኛ ና» እያለ የተዋጋበት ውጊያ ነበር።

ይኸው ባሮንቲኒ በ1931 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ጎጃም ገባ። ብሩኖ ሮላ እና ከትሪየስቴ አካባቢ የተወለደው ስሎቬናዊው አንቶን ኡክማር ተከተሉት፤ ሦስቱም የእስፓኝ ዘማቾች ናቸው። የላካቸው በስደት ላይ የነበረው የኢጣሊያ ኮሙኒስት ፓርቲ ነው። ባሮንቲኒ ጳውሎስ፣ ሮላ ጴጥሮስ፣ ኡክማር ዮሐንስ ተባሉ። እምነት የለንም የሚሉ ሰዎች የሐዋርያት ስም መሸከማቸው ፈገግ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን በጎጃም ምድር ከዚህ የተሻለ የይለፍ ወረቀት ከየት ይመጣል?

እስቲ ነገሩን በአገሬው ዓይን እንየው። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ የተነዳበት ገበሬ ፊት አንድ ነጭ ሰው ይቆምና በዚያው በአቃጣዩ ቋንቋ ወዳጅህ ነኝ ይለዋል። አያቴ «ጣሊያን» የሚለውን ቃል ሳታማትብ አትጠራውም ነበር። ለእርስዋ ቃሉ የሕዝብ ስም ሳይሆን የመቅሠፍት ስም ነበር፤ ፋሽስት የምትለውን ቃል አታውቃትም። ሦስቱ ሰዎች ከጥይቱ በፊት የገጠማቸው ይህ ግንብ ይመስለኛል።

ሥራቸው የደፈጣ ውጊያ ማሠልጠን፣ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተዘጋጀ ጽሑፍ ማሠራጨት፣ ከሁሉም በላይ የአርበኞቹን አለቆች ማቀራረብ ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሎሬንዞ ታዕዛዝም በስውር ጎጃም ገብቶ አለቆቹን ዞሮ ጎብኝቷል፤ አብሮት የነበረው ፈረንሳዊው ሮቤር ሞኒዬ በኅዳር 1932 ዓ.ም. ታሞ በዚያው ቀረ። እዚህ ላይ ግን ከአንዳንድ የኢጣሊያ ጸሐፊዎች ጋር አልስማማም። ባሮንቲኒን የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ያህል አድርገው ያቀርቡታል። የጎጃም ሕዝብ በ1930 ዓ.ም. በጠላት ላይ በይፋ ሲነሣ ሐዋርያቱ ገና አልደረሱም ነበር። እርቁም ቢሆን በእነርሱ እጅ አልተፈጸመም፤ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ የተስማሙት በመስከረም 1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው ሳንድፎርድ አግባቢነት ነው።

እንግዲህ ስንት ተከፈላቸው? ደመወዝ የሚቆርጥላቸው መንግሥት አልነበረም። የገዛ አገራቸው መንግሥት ቢይዛቸው የሚጠብቃቸው የከሀዲ ሞት ነበር፤ የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም። በ1932 ዓ.ም. ጎጃምን ለቀው ሱዳን ተሻገሩ። ባሮንቲኒ ከዚያ በኋላ በፈረንሳይና በሰሜን ኢጣሊያ በናዚዎችና በፋሽስቶች ላይ የደፈጣ ውጊያ መራ፤ ኡክማርም በጄኖቫ አካባቢ እንዲሁ። ባሮንቲኒ የሪፐብሊኩ ሴናተር ሆኖ ሳለ በጥር 1943 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ።

ከእነርሱ በኋላ የመጣው የዊንጌት የጌዴዎን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. በዚህችው በእንጅባራ በኩል አልፎ ነው ቡሬ የወረደው። ጣሊያኖቹ ዳንግላንና እንጅባራን አስቀድመው ለቀው ነበር። ለዊንጌት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሰይመንለታል፤ ሳንድፎርድም በስሙ የሚጠራ አለው። ይገባቸዋል፣ አልከፋም። ነገር ግን ከዊንጌት ኋላ አንድ ታላቅ ኢምፓየር ነበር፤ ከጳውሎስ ኋላ የነበረው የተሰደደ ፓርቲ ብቻ ነው። ከእንግሊዝ ጋር የተመለሰው ቤተ መንግሥት ኮሙኒስቶችን የሚያወድስበት ምክንያት አልነበረውም። እኔም በተማርኩባቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት ስማቸውን አንድ ቀን አላነበብኩም።

የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 በዚህች ከተማ ሲሰበሰቡ የዓድዋን ዘማቾች ብቻ ሳይሆን የዘመቱትን ፈረሶች ጭምር ያስባሉ። ፈረስን የሚያስብ ሕዝብ የሰው ውለታ ይጠፋዋል ብዬ አላምንም፤ ያልነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ለሚመጣው በዓል ሦስቱን ስሞች በአማርኛ ጽፌ ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ላቀርብ አስቤአለሁ። አያቴ በሕይወት ብትኖር ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አማትባ «ጣሊያን ነው ያልከኝ?» ትለኛለች።